የፒንሳህ እጀታና ክፍቱ ቦታ

ይድረስ ለወንድምዓለም ጣሃ፤

«ፕላስቲክ መብራት የሚያስተላልፍ ከሆነ ከእንግዲህ የፒንሳዬን እጀታ በምን አምኜ ልያዘው?» ብለህ በስልክ ከሳቅህብኝ ሦስተኛ ሳምንቱ። ከመልሱ በፊት ሰላምታው ይቅደም፤ አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የመብራት ምሰሶ ላይ ስትወጣ ያ ትከሻህ አሁንም ያምሃል? የእማ ጉልበትስ? ቡታጅራ ዝናቡ ገባ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የጎደለኝ ሰው ብቻ ነው።

እጀታህን እመነው። በውስጡ ያሉት ካርቦኖች ረጅም ሰንሰለት ሠርተው አንዱ ሌላውን የያዘው በአንድ እጁ ነው፤ የቀረው እጃቸው በሌላ ሥራ ተይዟል፤ የሚቀባበሉት ነገር የለም። ላብራቶሪ የምሠራው ፕላስቲክ ግን መያያዣው አንዱ ነጠላ፣ ቀጣዩ ድርብ፣ ደግሞ ነጠላ፣ ደግሞ ድርብ እያለ ይሄዳል። የድርቡ ትርፍ ኤሌክትሮን የአንድ ጎረቤት ብቻ አይደለም። ያም ሆኖ ሁሉም ቦታው ከሞላ ወዴት ይሄዳል? አሲድ ስንጨምርበት ነው መስመሩ ላይ ክፍት ቦታ የሚፈጠረው። ጎረቤቱ ወደ ክፍቱ ሲጠጋ የራሱ ቦታ ይከፈታል፣ ቀጣዩም ይጠጋል፤ መብራት አለፈ ማለት ይኸው ነው። ለሶላት ተሰልፈን አንዷ ስትወጣ እንደምንጠጋጋው በለው።

ምን ይጠቅማል ላልከኝ፣ ስስ ባትሪም ይሠሩበታል፤ የኮምፒውተር ዕቃ እንዳይቃጠልም ይጠቀልሉበታል። የእኔ አረንጓዴ ስስ ሽፋን ነው። ሥጋ መበላሸት ሲጀምር የሚወጣው አሞንያ ሲያገኘው ወደ ሰማያዊ ይለወጥና መብራት ማሳለፉን ይቀንሳል። ቤት ያከራየችኝ የፊርዶስ ባል ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር፣ እዚህ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አለው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ዶሮውን እያሸተተ ነው የሚለየው። «ሙርሺዳ፣ አፍንጫዬን ጡረታ የምታስወጪልኝ መቼ ነው?» ይለኛል።

ከእነሱ ሌላ የሚያናግረኝ ጥቂት ነው። ላብራቶሪ ሁሉም ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይውላል። የበሩ ጥበቃ በዙሉኛ «ሳዎቦና ሲሲ» ብሎ ሰላም ሲለኝ «ዬቦ» እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ከአፌ የምትወጣው ቃል እሷ ብቻ ናት። ቅዳሜ የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ጀፕ ወርጄ፣ የምገዛው ሳይኖር፣ አማርኛ ልስማ ብዬ ከሱቅ ሱቅ እዞራለሁ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ። ፕሮፌሰሯ ለዶክትሬት ሦስት ዓመት ቆዪ ብላኛለች፤ መልሴን እስከ ወሩ መጨረሻ ትጠብቃለች። ልቤ ዘሏል፣ አልደብቅህም። ግን ባለፈው ጁምዓ መስጂድ ውስጥ አጠገቤ ወደተከፈተው ቦታ ስጠጋ ድንገት አንተ ታወስከኝ። እኔ ስመጣ እማ ዘንድ የተከፈተውን ቦታ አንተ የአዲስ አበባ ሥራህን ትተህ ሞላኸው። ክፍቱ አልጠፋም፣ ጣሃ፤ ወደ አንተ ሄደ እንጂ። አንተ አንድ ቀን አላማረርክም፤ እኔም አንድ ቀን አልጠየቅኩህም።

አሁን ልጠይቅህ፦ ወደ አዲስ አበባ ሥራህ መመለስ ትፈልጋለህ? እንደ ልማድህ «አይዞሽ፣ ተማሪ» ብለህ አታባብለኝ። ነይ ካልከኝ እመጣለሁ፤ ቆዪ ካልከኝም ሳትሸነግለኝ ይሁን።

የእማን ጉልበት ሳምልኝ። ትንሿን እህታችንን ሀይፋን የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮህን ለፀጉሯ ማሰሪያ እንዳታደርገው ንገርልኝ፤ ጉንጯንም ሳምልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ ሰአዳን ሰላም በልልኝ።

በስልክ ትስቅና ታልፈኛለህ፤ ስለዚህ በእጅህ ጻፍልኝ። እንደ ፒንሳህ እጀታ አምኜ የምይዘው መልስ ይሁን።

እህትህ ሙርሺዳ
ሜይፌር፣ ጆሃንስበርግ
ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.