ሟች ልጇን ስለቆጠረችው እናቴ

ለተከበሩ የስደተኞች መልሶ ማስፈር ጽሕፈት ቤት፣ የደህንነት ማጣሪያ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም እንደ ፋይላችን እንቅልፍ የማይቋረጥ እንዲሆን እየተመኘሁ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ነገሩ የተበላሸው እናቴ የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ በሚያንጠባጥብበት ክፍልዎ ተቀምጣ፣ ስንት ልጆች እንዳሏት ስትጠየቅ «አራት» ባለች ቅጽበት ነው። እኔ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ «እናትሽ ስንት ልጆች አሏት?» ስባል «ሦስት» ብዬ መለስኩ። ሁለታችንም አልዋሸንም። ታላቅ ወንድሜን ከተማችንን የያዙት ታጣቂዎች ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ ገድለውታል። እኔ ያለነውን ቆጠርኩ፤ እናቴ የወለደቻቸውን ቆጠረች። መርማሪዎ ግን «ያልተገለጸ ጎልማሳ ወንድ አለ» ብለው ጻፉ፤ ሻንጣችንን ካሰርን በኋላም ጉዞው ታገደ። ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና አመለክታለሁ።

1. ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ፤ ይህን ያለ ምፀት ነው የምለው። ወንድሜን የገደሉት ሰዎች አውሮፕላን ውስጥ ከጎኔ እንዲቀመጡ አልሻም። ማጣራት ያስፈልጋል ከሚሉት ወገን አንዲት ስደተኛ እንዳለች ይመዝገብልኝ።

2. የአሥር ጣቶቼን አሻራ፣ የዓይኔን ብሌን፣ የቅድመ አያቴን ስም፣ የቀድሞ ጎረቤቶቻችንን ሥራ ሳይቀር መዝግበዋል። አክስቴ እንኳን ይህን ያህል አታውቀኝም። ቃል አቀባይዎ ግን በሬዲዮ ቀርበው «እነዚህ ሰዎች ማን እንደሆኑ አናውቅም» ሲሉ ሰማሁ። ትሕትናቸው ልቤን ነካው።

3. እናቴ የልጇን የሞት ምስክር ወረቀት እንድታመጣ ስለጠየቋትም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የከተማችን ማኅተም ዛሬ ያለው በገዳዮቹ እጅ ስለሆነ፣ ደጃቸውን አንኳኩታ «ልጄን መግደላችሁን ፈርሙልኝ» እንድትላቸው የሰጧትን ዕድል እስካሁን አልተጠቀመችበትም። ስንፍናዋን ይቅር ይበሉላት።

4. ወንድሜ በሕይወቱ ድመት እንኳን አባሮ የማያውቅ ልጅ ነበር። ከሞተ በኋላ ግን አንድ ሙሉ መሥሪያ ቤት አስፈራ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው «ኧረ እትዬ፣ የእናንተ ቤት ሙት ከእኛ ቤት ሕያው ይሻላል፤ እኔን እኮ ዘበኛው እንኳን አይፈራኝም!» ብሎ ሲቀልድ እናቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

5. በመጨረሻም መርማሪዎ በደግነት መፍትሔ አመላከቱን፤ እናቴ «የተሳሳተ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ልጆቼ ሦስት ብቻ ናቸው» ብላ ከፈረመች ኬዛችን ይንቀሳቀሳል። እሷም ለእኛ ስትል ልትለማመድ ሞከረች። ልብስ እያጠበች፣ አረፋ በያዘ እጇ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ትላለች፤ አራተኛዋ ጣቷ ግን አልታጠፍ ስትላት በሌላው እጇ ይዛ ታጥፋታለች። ክቡርነትዎ በዚያ አልነበሩም። እኔ ነበርኩ። እጇን ይዤ ጣቷን መልሼ ዘረጋሁላት።

ስለዚህ ይህን ይወቁልኝ። ጥያቄ ካለ ደግሜ እመልሳለሁ፣ አሻራ ካስፈለገ ደግሜ እሰጣለሁ፣ መጠበቅንም ለምጄዋለሁ። እናቴ የገዛ ልጇን ከልጆቿ ቁጥር አውጥታ የመግቢያ ፈቃድ እንድትገዛበት ግን ከእንግዲህ አልቀበልም። አትፈርምም። እኔም ሆንኩ ሁለቱ እህቶቼ እንድትፈርም አንለምናትም። አገርዎ ሦስት ልጆች ላሏት እናት ብቻ የሚከፈት ከሆነ፣ ሻንጣችንን እንፈታለን።

የክፍልዎን ትጋት፣ የወንበሮችዎን ምቾትና የበርዎን ጥንካሬ ዘወትር በማስታወስ፣

አክባሪዎ፣
የአራት ልጆች እናት ሁለተኛ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ሸሽተን ስንወጣ ወንድሜን ማን እንደቀበረው፣ የት እንደተቀበረም አላወቅንም። ያልተገለጸውን ጎልማሳ ወንድ ፍለጋዎ ከተሳካ፣ እባክዎ ለአለቆችዎ ሪፖርት ከማድረግዎ በፊት ለእናቴ ይንገሯት። ከእርስዎ በፊት ስትፈልገው የኖረችው እሷ ናት።