የጨመርኩት ዜሮ

ኅዳር 6

የተለመደ ቀን፣ የጋዜጣው ማረሚያ ክፍል ውስጥ። አንድ ዜና ውስጥ አንድ ሰው በሁለት የተለያየ ቀን ሞቷል፤ መጀመሪያ ሰኞ፣ አራት መስመር ዝቅ ብሎ ደግሞ ማክሰኞ። ሦስት ጊዜ ደውዬ አጣራሁ። ማክሰኞ ነው። ሻዩ ቀዘቀዘ።

እህቴ ደወለች። ነርስ ናት፤ ለሰው ሁሉ ዕረፍት ማዘዝ ትወዳለች።

«ጋሼ፣ ሐይቁ ዳር ያለው ፓርክ ሁለት ሌሊት እናድራለን። ድንኳን ተውሻለሁ።»

«ሥራ አለብኝ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ አለብህ።»

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በእጄ ባለፈ ገጽ ላይ አንድም እርማት ወጥቶ አያውቅም... ልላት ነበር። ተውኩት። ስንት ጊዜ ሰምታዋለች።

ኅዳር 8

ደረስን። በሩ ላይ ስድሳን ያለፉ ጠባቂ ሰንሰለቱን አወረዱልን። ረጅም፣ ቀጭን ሰው፤ ካፖርታቸው ቀለሙን ለቋል።

«ምግብ ድንኳን ውስጥ አትተዉ። ጦጣዎቹ ዚፕ መክፈት ያውቃሉ።»

እህቴ ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ከውሃው ስንመለስ ዚፑ ተከፍቷል፤ ዳቦው የለም። አንዷ ዛፍ ላይ ተደላድላ እያየችን ትበላለች።

«ዝም ብለህ ታያታለህ?»

«ምን ልበላት? ባለሙያ ናት።»

ድንኳኑን ለመትከል ሁለት ሰዓት ፈጀብን። መመሪያው ላይ ሦስት የፊደል ግድፈት አለ።

ሐይቁ ግን... የማዶው ተራራ ውሃው ላይ ተገልብጦ ቆሟል። ዓሣ ሲዘል ይሰነጠቃል፣ መልሶ ይገጥማል። መሃል ላይ አንዲት ደሴት አለች፤ በወፍ ኩስ ነጥታለች። ጸጥታ ያለ መስሎኝ ነበር፤ የለም። ሁሉም ይንጫጫል። እኔን የሚጠራ ግን የለም።

ኅዳር 9

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ጠባቂው ዳርቻው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው መሃል የወተት ጣሳ፤ እጃቸው ላይ ጠጠር። ወደ ደሴቲቱ ያያሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ጠጠር ጣል ያደርጋሉ። አንዱ ጠጠር አሥር ፔሊካን ነው። እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።

«ሠላሳ ዘጠኝ ጠጠርና ሦስት ወፍ» አሉ።

«ብዙ ነው?»

«ብዙ? ካቻምና አራት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ነበሩ እኮ!»

ከዚያ ነገሩኝ። የሞተር ጀልባ ከበዛ ወዲህ ወፎቹ እየሸሹ ነው። አምና ሲቆጥሩ 412 ብቻ አገኙ። ለመሥሪያ ቤታቸው ጻፉ፤ ሰው እንዲሰማ ብለው ለጋዜጣም ሰጡ። ጋዜጣው 4,120 ብሎ አወጣው። አለቆቻቸው ጋዜጣውን ይዘው መጡ። «ለእኛ ሌላ፣ ለጋዜጣ ሌላ ታወራለህ?» አሏቸው። ቆጠራውን ቀምተው በር ላይ አቆሟቸው። አሁን የጀልባ ማቆሚያው ሊሰፋ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ይወሰናል። ወፍ እንደሆነ ሞልቷል እየተባለ።

«ታዲያ አሁን ለምን ይቆጥራሉ?»

«ራሴን ለማመን።» ሳቁ። «ዓይኔ ይሆን እንዴ ብዬ ተመርምሬ ነበር። ደህና ነው አሉኝ።»

የትኛው ጋዜጣ ነው ብዬ አልጠየቅኩም።

ኅዳር 9፣ ከሰዓት በኋላ

እርግጠኛ ነኝ? እርግጠኛ ነኝ። ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀ ነበር። የካቻምናው ቁጥር ፊቴ ላይ ነው፤ 4,380። ከዚያ ድንገት 412... ሰውዬው ዜሮ ረስቷል አልኩ። ፓርኩ ጋ ደወልኩ፤ አልተነሳም። አንዴ ነው የደወልኩት። አንዴ። ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ ዜሮዋን ጨመርኩ። ስህተት ያዝኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ሁሉ ነበር።

«ምን ሆነሃል? ስለ ዳቦው ነው?» አለች እህቴ።

ነገርኳት። ዕቃ ስታጣጥፍ ቆይታ፣ «ነገ ረፋድ ላይ ነው የምንሄደው» አለችኝ። ሌላ ምንም።

ኅዳር 10

ሳይነጋ ድንጋዩ ጋ ሄጄ ጠበቅኳቸው። ስንወጣ በመኪናው መስኮት ብነግራቸው ይቀለኝ ነበር። ነግሮ መሄድ...

«ዛሬስ ቀደሙኝ» አሉ። ቆጠራው እስኪያልቅ ቆየሁ።

«ዜሮዋን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

አልገባቸውም። እንደገና ነገርኳቸው፤ ጋዜጣውን፣ ሥራዬን፣ ቀዩን እስክሪብቶ። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡ። አንዲት ረጅም ወፍ እግሯን እየመረጠች በፊታችን አለፈች።

«ስልክ አይደወልም?»

«አንዴ ደወልኩ።»

«አንዴ።»

«አዎ።»

«እኔ እኮ የዚያን ዕለት ሦስት ጊዜ ነው የቆጠርኩት። ሲያንስብኝ ጊዜ።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ጣሳቸውን አንስተው ወደ በሩ ሄዱ። በሩን ሲከፍቱልን እህቴን ብቻ፣ «በሰላም ግቢ፣ ልጄ» አሏት።

ኅዳር 12

የድሮ ጽሑፎች የሚቀመጡበት ክፍል ገብቼ ወረቀቱን አገኘሁት። የጠባቂው ጽሕፈት ቀጥ ያለ ነው። 412። ከጎኑ «ብቻ» ይላል። እሷንም ሰርዣታለሁ። ይህን ረስቼው ነበር... ቁጥሩን ከለወጥኩ በኋላ ትርጉም አልሰጠችኝማ።

ዋና አዘጋጁ ወረቀቱን ገፋ አደረገው።

«ዓመት ያለፈውን ነገር ምን ያስቆፍርሃል? ጡረታህ ሰባት ወር ነው የቀረው።»

«ማቆሚያው በወሩ መጨረሻ ይወሰናል።»

«እሺ፣ ገጽ ሁለት ግርጌ ላይ። እንደ ልማዳችን፣ ያለ ስም።»

«ዜናው የወጣው የፊት ገጽ ላይ ነው። ያለ ስም ካወጣነው ደግሞ ያው ቆጣሪው ተሳሳተ ይባላል።»

አየኝ። «ደረቅ ነህ» አለ። ቦታውን ግን ሰጠኝ።

ኅዳር 14

ወጣ። የፊት ገጽ፣ አሥራ አንድ መስመር፣ ከነስሜ። በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያዬ። እህቴ ቆርጣ የፍሪጇ በር ላይ ለጥፋዋለች። ታሾፋለች? አይመስለኝም።

ኅዳር 29

የማቆሚያው ውሳኔ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። መጀመሪያ አዲስ ቆጠራ ይደረግ ተብሏል። ማን ይቆጥራል? ዜናው አይልም። ዘጋቢውን መልሼ እንዲጠይቅ ላክሁት። እሱም አላገኘም።

ታኅሣሥ 8

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ። ገና ካፖርቴን አላወለቅኩም።

«አራሚው ነዎት?»

የጠባቂውን ድምፅ ለየሁት። «ቆጠራው ተመልሶልኛል» አሉ። እንዴት ነዎት፣ ደህና ነዎት የለም።

«እስክሪብቶ ይዘዋል?»

«ይዣለሁ።»

«ሦስት መቶ ዘጠና ሰባት። ያንብቡልኝ።»

«ሦስት፣ ዘጠኝ፣ ሰባት።»

«ከኋላው?»

«ምንም የለም።»

«አለ እንጂ» አሉ። «‹ብቻ› ይበሉ።»

ጻፍኩ።