ስለ አብደታ ያልተናገርኩት

ኅዳር 3 ቀን 1962፣ መቱ

ጧት አንድ የዋንዛ ግንድ ጓሮ ውስጥ መሰንጠቂያው ድጋፍ ላይ አወጣን። ሲባጎ በከሰል ውኃ ነክረን መስመር መታንበት። ስድስት ጣውላ ወጣው። ቀጥ ያለ፣ አንጓ የሌለው እንጨት... እንዲህ ያለ ሲገኝ ደስ ይላል።

አብደታ የሞተሩን መጋዝ አሁንም አልወደደውም። አሥራ አራት ዓመት በሁለት ሰው መጋዝ፣ እኔ ከላይ እሱ ከታች ሆነን ስንጎትት ኖረን፣ ዛሬ ሥራው ሽብልቅ መምታትና ጣውላ መያዝ ሆነ። አሠሪያችን የነበሩት ግሪኩ ሙሴ አገራቸው ሲገቡ መጋዙን የሰጡት ለእኔ ነው። ለሁለታችሁ አላሉም። እሱም አንስቶት አያውቅ። ቅር ብሎት ይሆን? ጠይቄው አላውቅም።

ኅዳር 8

ሞረድ ፍለጋ ጎሬ ደርሼ መጣሁ። ዝናብ። ሌላ የለም።

ኅዳር 10

የጎሬ ተማሪ ቤት የወንበር ጣውላ ዓርብ ይጫናል ተባለ። የሚጭነው ነዚፍ የሚባለው ነጋዴ መኪና ነው። ካመለጠን ሌላ መቼ እንደሚገኝ እንጃ። አሥራ ሁለት ጣውላ ይቀራል... እንደርስ ይሆን?

ኅዳር 12፣ ዓርብ

አልጽፈውም ብዬ ነበር። ግን ልጻፈው።

ሰባት ሰዓት ገደማ ነበር። የመጨረሻው ግንድ። መጋዙ ወደፊት በገፋ ቁጥር አብደታ ከኋላ ስንጥቁ ውስጥ ሽብልቅ ይመታል፤ እንጨቱ ተመልሶ ገጥሞ መጋዙን እንዳይነክሰው ነው። ለዚያ በየጊዜው መቆም አለብኝ። መኪናው መንገድ ዳር ቆሞ ክላክስ ያስጮኻል።

"ሽብልቁን ተወው። በእጅህ ከፍ አድርገህ ያዝልኝ" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "ይነክሳል" አለ።

"ያዝ አልኩህ።"

ያዘ።

ነከሰ። ሞተሩን ሳላጠፋ ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩ። ድንገት ተላቆ ወጣና ወደ ግራ ዞረ። በግራ በኩል አብደታ ነበር። ጭኑ ላይ... ሰጋቱራው ሁሉ ደም ሆነ። ባለቤቴ ዓያንቱ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ነጠላዋን ቀዳ አሰረችለት። በነዚፍ መኪና፣ በጣውላው ላይ አስተኝተን ሐኪም ቤት አደረስነው።

ኅዳር 14

ፖሊስ ሊጠይቀው መጣ። አልጋው አጠገብ ቆሜያለሁ። አብደታ "እግሬን አዳለጠኝ፣ ራሴ ነኝ የገባሁበት" ብሎ ቃሉን ሰጠ። ፖሊሱ ጽፎ ሄደ።

ብቻችንን ስንቀር ለምን አልኩት።

"አንተ ብትታሰር መጋዙን ማን ይይዛል? እኔ፣ በዚህ እግር? ሁለቱም ቤት ይራባል።"

ከዚያ "ቢሻን" አለ። ውኃውን ደግፌ አጠጣሁት።

ያኔ ምን ተሰማኝ? ኀፍረት ብል ደስ ባለኝ። መጀመሪያ የመጣው ግን እፎይታ ነው።

ኅዳር 20

መንጋጋው አልከፈት አለ። ጀርባው እንደ ደጋን ይለጠጣል። ሐኪሙ መንጋጋ ቆልፍ ነው አለኝ፤ የሚችለውን ሁሉ እያደረገ ነው። ሚስቱ ሻሽቱ በማንኪያ ውኃ ልታስገባለት ትሞክራለች። በአገጩ ይወርዳል። ትጠርግና እንደገና ትሞክራለች።

ኅዳር 22

አብደታ ጎሕ ሲቀድ አረፈ።

ኅዳር 25

ልቅሶ ቤት ዋልኩ። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። ጠጥቶ ነበር ይላሉ፤ ጤነኛ ሰው እንዴት የሞተር መጋዝ ውስጥ ይገባል? ወሬው ድንኳኑን ሁሉ ዞሯል።

ስወጣ ሻሽቱ አጥሩ ድረስ ተከተለችኝ።

"ጋሼ ደበሳ፣ አብረውት የነበሩት እርስዎ ነዎት። ጠጥቶ ነበር?"

"እኔ እንጃ" አልኳት።

እኔ እንጃ... አረቄ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው። አሥራ አራት ዓመት አብሬው በልቼ፣ እኔ እንጃ። ቤቴ እስክደርስ ሦስት ጊዜ ልመለስ ብዬ ቆምኩ። አልተመለስኩም።

ታኅሣሥ 9

መጋዙን አስነሳሁት። አጠፋሁት። ግንዱ እንደተኛ ነው።

ዓያንቱ ያን ዕለት ጓዳ ሆና ሰምታለች። ያዝ አልኩህ ስል ሰምታለች። አንድ ቀን ታነሳዋለች ብዬ እጠብቃለሁ። ዛሬ ሻሽቱ ከማርያም ማኅበር እንደቀረች ነገረችኝ። "የሰካራም ሚስት አሏት" አለችና ማድጋዋን አንስታ ወጣች።



ጥር 1፣ ዓርብ

የአብደታ አርባ ነበር። ጠላ ቀድተውልኝ ይዤዋለሁ። የሰፈሩ ታላቅ ሽማግሌ ኦቦ ጅራታ ሊመርቁ ሲነሡ እኔም ተነሣሁ። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተናገርኩ፣ አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር። አብደታ አልጠጣም ነበር አልኩ። ሽብልቁን ያስተውኩት እኔ ነኝ፣ ይነክሳል ብሎኝ ነበር፣ ሞተሩን ሳላጠፋ የጎተትኩትም እኔ ነኝ።

ኦቦ ጅራታ ምርቃቱን ትተው ተቀመጡ። የሰው ነፍስ ነውና ጉማ፣ የደም ካሣ፣ አለበት አሉ፤ እርቁ እስኪወርድ የእኔ ቤትና የአብደታ ቤት እህል ውኃ አይጋሩም። አንዱ መጥቶ ጠላውን ከእጄ ተቀበለኝ።

ሻሽቱ አላለቀሰችም።

"ያን ቀን አጥሩ ጋ ጠይቄህ ነበር" አለችኝ።

ጠይቄህ። ከተዋወቅን ጀምሮ አንተ ብላኝ አታውቅም።

ጥር 17

በአርባው ማግሥት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጥቼ ነበር። ዘጠኝ ቀን ታስሬ በዋስ ወጣሁ። ፍርዱ ገና ነው። ጉማውን ሽማግሌዎች ይዘውታል፤ ሻሽቱ እሺም እምቢም አላለችም። ከእነሱ ጋር ውኃ አንጋራምና ዓያንቱ የምትቀዳው ከሩቁ ምንጭ ነው። ሸክሙን ሳወርድላት ትከሻዋ ቀልቶ አየሁ።

ትናንት ገበያ ወጣሁ። ጨው ተራ ጋ አንዲት ባልቴት ለጓደኛዋ በአገጯ እየጠቆመች አሳየችኝ።

"አብደታን የገደለው ይሄ ነው" አለች።

"የቱ አብደታ?"

"ያ ጨዋው። የሻሽቱ ባል።"

ጨዋው አለች፤ ሰካራሙ አላለችም። ጨዌን ገዝቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።