የሙቀቱ ሬጅስተር

ማክሰኞ፣ ጁን 4
ክረምት ገብቶ ካምፒናስ ከተማችን በርዷል። ጠረጴዛ፣ ቡና፣ ኮድ... ሌላ ምን አለ?
ከላይ ተወሰነ። ሶፍትዌራችን ውስጥ እንደ ራሳቸው ኮምፒውተር ሆነው የሚሠሩት ቨርቹዋል ማሽኖች የፕሮሰሰሩን ሬጅስተሮች፣ ስለ ራሱ ቁጥር የሚይዝባቸውን ትንንሽ ሣጥኖች፣ እንዳሻቸው ማንበባቸው ሊቀር ነው። ሁሉም ይዘጋል፤ በስም የተፈቀደው ብቻ ይከፈታል። የተዘጋውን ለሚጠይቅ ዜሮ ይመለስለታል። የሚፈቀዱትን ዝርዝር የማወጣው እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ክፍት የኖረ ጓዳ... መዝጋቱ ለእኔ ደረሰ።

ረቡዕ፣ ጁን 5
የድሮውን ኮድ አወጣሁት። የላቦራቶሪያችን አለቃ የነበሩት ፕሮፌሰር ቫልዴሚር የጻፉት። ከላዩ እንዲህ ይላል፦ «ሬጅስተሩን ባናውቀውም አሳልፈው።» ሳቄ መጣ። ቁርጥ እሳቸውን።
ያኔ የላቦራቶሪው በር ቁልፍ አልነበረውም። ማንም ይገባል፣ ያገኘው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ረቡዕ የፌጆአዳ፣ የዚያ ከባድ የቦሎቄና የሥጋ ወጥ፣ ቀን ስለሆነ ከምሳ በኋላ ሥራ የሚባል ነገር የለም። አሁን መጸዳጃ ቤት ደርሼ ስመለስ እንኳ ካርድ አስነካለሁ። ናፈቀኝ... ምን ልዋሽ።

ሰኞ፣ ጁን 10
ሙከራው ላይ አንድ ፕሮግራም ዜሮ ብቻ ማንበብ ጀመረ። የፕሮፌሰሩ ነው። «ሳቢያ» ይሉታል፣ እዚህ ጠዋት ጠዋት በምትዘምረው ወፍ ስም። አንድ አሮጌ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ተቀምጦ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ያነብና ጠዋት ጠዋት ቤታቸው ይልክላቸዋል። ሌላ ሥራ የለውም።
ጡረታ ከወጡ፣ ባለቤታቸውም ካረፉ ወዲህ ያንን ቁጥር ሳያዩ ቀናቸው አይጀምርም። ይደውላሉ። ዛሬ ሃምሳ ስምንት ነው፣ ምን እየሠራችሁ ነው? ከላቦራቶሪው የቀራቸው ይሄ ነው።
የሙቀቱን ሬጅስተር ዝርዝሩ ውስጥ ጨመርኩት። ከጎኑ «ለአሮጌ ፕሮግራሞች» ብዬ ጻፍኩ። ፕሮግራሞች? አንድ ነው እኮ።

ሐሙስ፣ ጁን 13
ኮዴን የምትገመግመው ታይስ አላሳለፈችልኝም። ሙቀቱን የሚያይ ማሽን፣ ጎረቤቱ ማሽን መቼ ሥራ እንደሚበዛበት ሊገምት ይችላል። «ይሄን ማን ነው የሚፈልገው?» ብላ ጻፈች። ልክ ናት፣ አናደደችኝ እንጂ። ለአንድ ሽማግሌ ብዬ የሰው ጓዳ ክፍት ልተው? ግን ደግሞ...
ሌላም አለ። እኛ ዘንድ ስህተት ሲታረም፣ የተሳሳተውን ኮድ ማን እንደጻፈው ከእርማቱ ሥር ይጻፋል። የእሳቸውን ስም? እጄ እምቢ አለኝ። ባዶ ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ጁን 15
ቤታቸው ሄድኩ። ፌጆአዳውን ራሳቸው ሠርተዋል፣ ጨው በዝቶበታል። እየፈራሁ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።
«ለምን ክፍት እንደተውኩት ታውቂያለሽ?»
«ሰው ስለሚያምኑ» አልኩ። ሃያ ዓመት እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።
«ርቦኝ ነበር። ረቡዕ ነበር።»
እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ።
«ዝጊው፣ ልጄ። ስሜንም ሳትጽፊ እንዳታልፊ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»
ስወጣ መስኮት ዳር ያለችውን ኮምፒውተራቸውን አየኋት። ስልሳ አንድ ትላለች።

ረቡዕ፣ ጁን 19
ዘጋሁት። ስማቸው ከሥሩ አለ። ታይስ ወዲያው አሳለፈችው። ከምሳ በኋላ ሁሉም ወደየጠረጴዛው ተመለሰ።

ሐሙስ፣ ጁን 20
ጠዋት ስልኬ ጠራ። እሳቸው ናቸው። ለማንሳት ፈራሁ... አነሳሁት።
«ዛሬ ዜሮ ዲግሪ ነው» አሉኝ። «ሹራብ ለብሻለሁ።»
ምን እየሠራችሁ ነው ብለው እስኪጠይቁኝ አልጠበቅኩም። ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩና የምንሠራውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው።