ኑሬን ሐሙስ አስገርዘዋለሁ

መካነ ሰላም፣ የካቲት 11 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዷ ባለቤቴ ለሀጀራ፤ ጂዳ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። በናፍቆት እንደምን ከርመሻል?

እኛ ዛሬ ደህና ነን። ከሦስት ሳምንት በፊት ስትደውይ «ደህና ነን» ያልሁሽ ግን ዋሽቼ ነው። ማዳምሽ አጠገብሽ ቆማ፣ አንቺ እያንሾካሾክሽ፣ የልጅ ሽንትና የሸለፈት ነገር እንዴት በስልክ ይነሳል? ስለዚህ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ጂዳ በምትመለሰው በጎረቤታችን በጠይባ እጅ ይህን ልኬልሻለሁ። አብሽሪ፣ ልጅሽ አሁን ይሮጣል። ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ኑሬ ጥር ላይ ከጉንጭ ያለፈ ውኃ አልጠጣ አለ። ሻይ ሲሰጡት ሰው ሳያይ ይደፋዋል። እናቴ «የሰው ዓይን ነው» ብለው ዱዓ አስደረጉለት፤ እኔም አመንሁ። በስምንተኛው ቀን ከጓሮው አጥር ተደግፎ ሲሸና አየሁት። ሸለፈቱ አብጦ ቀልቷል፣ መግል ይዟል፣ ሽንቱ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሰውነቱም ያተኩሳል። ለካ ውኃ የሸሸው ሽንት እንዳይመጣው ፈርቶ ነው። ጋቢዬን ጠቅልዬበት አዝዬው ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥሁ።

ነርሱ ይርዳው ይባላል፤ ልጅ እግር ነው፣ ምላሱ ግን የሽማግሌ። ኑሬን ካየው በኋላ «የሚያጥበው ማን ነው?» አለኝ። «እኔ ነኛ!» አልሁት ኮራ ብዬ። ግርዛቱ አንቺ እስክትመጪ ይቆይ ካልን ወዲህ «የሙሐሲን ልጅ ጠሃራ የለውም» እንዳልባል፣ መድረሳም ሲሄድ ንጹሕ እንዲሆን ብዬ፣ በየጁምዓው ሸለፈቱን በግድ ወደ ኋላ እየሳብሁ በሳሙና አሸው ነበር። ይህንኑ ነገርሁት። «እንግዲያው ያቆሰልኸው አንተ ነህ» አለኝ። ወላሂ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በዚህ ዕድሜ የሸለፈት መጥበብና መጣበቅ በራሱ በሽታ አይደለም አለኝ። ተፈጥሮ ነው፤ ልጁ እያደገ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይላቀቃል። እስከዚያ ከውጭ ከውጭው በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይበቃል። በግድ ሲሳብ ግን ይሰነጠቃል፣ ሲድን ጠባሳው ጭራሽ ያጠብበዋል። «ወደ ኋላ ሄዶ አልመለስ ቢልስ?» አልሁት፤ አንድ ጁምዓ ለጥቂት ነው ያመለጥሁት። «ያኔማ በዚያው ሰዓት ሩጥ! ደሙ ይታገዳል፣ ነገ የሚባል ነገር የለውም» አለኝ። ሽንት ሲያቃጥለው፣ ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ መግል ሲይዝ ወይም ሲያተኩሰውም በዚያው ቀን መምጣት ነው። ሽንቱ እንቢ ካለውማ ደቂቃ አታባክን ብሎኛል። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልሽ እህትሽም ወንድ ልጅ ስላላት ነው። እንደኔ በጉልበቷ እንዳታጸዳው ደውለሽ ንገሪያት።

መድኃኒቱን ጨረሰ፣ እብጠቱም ሄደ። ጠባሳው ግን ቀረ፤ ሽንቱ አሁንም ቀጥኖ ነው የሚወርደው። ይርዳው «ልጁ መገረዝ አለበት» ብሏል፤ እዚያው ጤና ጣቢያ፣ በማደንዘዣ፣ በተቀቀለ መሣሪያ። ቀጠሮው የፊታችን ሐሙስ ነው።

«እኔ በሌለሁበት እንዳይገረዝ» ብለሽ አደራ እንዳልሽ አልረሳሁም። መጀመሪያ ኮንትራቴ ሲያልቅ አልሽ፣ ከዚያ ለዒድ፣ ከዚያ ለመውሊድ። ለድግሱ የገዛነው ወይፈን እኮ አድጎ ቀንበር ለመደ፣ ዘንድሮ አረስሁበት! እናቴም «እናቱ ሳትኖር፣ ዘመድ ሳይጠራ፣ እንደ ሌባ ተደብቆ ይገረዛል?» ብለው ሦስት ቀን አኮረፉኝ። «እማ፣ ዘመድ የሚመጣው ለሥጋው ነው፤ ሥጋው ይቆየዋል፣ ልጁ ግን አይቆይልኝም» ብላቸው ሳይወዱ ሳቁ። ሐሙስ አብረውን ይሄዳሉ። አንቺም ተቆጪ፣ ስደቢኝ፤ ቀኑን ግን አላራዝመውም።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልንገርሽ። መጀመሪያ የሄድን ቀን ይርዳው ኑሬን «እንዲህ እያመመህ ለምን ዝም አልህ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፣ መልሶ አቀረቀረ። «ካለቀስህ እናትህ አትመጣም ብሎኛል አባዬ» አለ።

ብያለሁ፣ ሀጀራ። ሳጥበው እየጮኸ ሲያስቸግረኝ፣ ዝም እንዲልልኝ ብዬ ያልሁት ነው። እኔ ብዬ ረሳሁት። እሱ ግን ያን ሁሉ ሕመም የቻለው አንቺን ለማስመጣት ነበር። ከጤና ጣቢያው በር ወጥቼ እንደ ሴት አለቀስሁ ብልሽ አላፍርም።

ከዚያ ወዲህ በአንቺ ስም ልጄን አላስፈራራውም፣ አላባብለውምም። ሐሙስም አቅፌ የምይዘው እኔ ነኝ። ትናንት አስቀምጬ «ካመመህ አልቅስ፤ የእናትህ መምጣትና ያንተ ለቅሶ አይገናኙም» አልሁት። «ታዲያ ለምንድን ነው የማትመጣው?» አለኝ።

«እሱን እናትህ ትነግርሃለች» አልሁት። አንቺ ጻፊለት፤ ማንበቡን እኔ አነብለታለሁ።

አላህ ከክፉ አሠሪ ይጠብቅሽ፣ ጤናሽን አያጓድልብሽ። እናቴ በዱዓቸው አልረሱሽም።

ባለቤትሽ ሙሐሲን