ውሃ ጠጪበት

ውድ እትዬ፣

ክፍልሽን ከተረከብኩ ወዲህ የፈረንሳይኛ ተማሪዎችሽ ጥያቄያቸውን አልቀየሩም። "የማይነበብ ፊደል ከሆነ ለምን ይጻፋል?" ይላል ልብስ ሰፊው። "ወንበር ሴት የሆነችው በማን ፈቃድ ነው?" ትላለች ነርሷ። ያቺን ከጉሮሮ የምትወጣ ድምፅ ስንለማመድማ ክፍሉ በሙሉ አፉን የሚጉመጠመጥ ይመስላል። እኔ እንዳንቺ መልስ ቶሎ አይመጣልኝም፤ ሲጨንቀኝ የቀዳሽውን ካሴት እከፍታለሁ። አንድ ቃል ትያለሽ፣ "ድገሙ" ትያለሽ፣ ከዚያ ዝም ብለሽ ትጠብቂያቸዋለሽ። ሞተሽም ትጠብቂያቸዋለሽ።

እማዬ በየቀኑ እየመጣች የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ፈረንሳይኛ አምሯት እንዳይመስልሽ። ካሴቱ ላይ ቁጥሮቹን ስታስተምሪ ሰባ ላይ ያስልሻል። ያኔ "ጉንፋን ነው" ብለሽን አምነንሽ ነበር። ታዲያ እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ውሃ ጠጪበት እንጂ፣ የኔ ልጅ" ትልሻለች። ወዲያው ከካሴቱ ውስጥ ብርጭቆ ሲነሳ ይሰማል። እሷም ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ባለፈው ዳይሬክተሩ ጠራኝና፣ "የሞተ ሰው ድምፅ ተማሪ ያሸሻል፤ በራስሽ ድምፅ ቅጂው" አለኝ። ምን ላድርግ፣ ቀዳሁት። ሰባ ላይ ስደርስ እማዬ አሳዘነችኝ። የምትናገርበት ቦታ እንዳይጠፋባት ብዬ ሆን ብዬ ሳልኩ፤ ብርጭቆም አነሳሁ።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ከፈትኩት። ሳሉ ተሰማ። እማዬ "ውሃ ጠጪበት" አላለችም። ብርጭቆው ተነሳ፣ ተቀመጠ። ዞር ስል ፊቷ አመድ መስሏል። በወንበሮቹ መሃል መጥታ በተማሪዎቹ ፊት ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

"አንቺንም ጀመረሽ?" አለችኝ።

"ኧረ እማዬ፣ ሆን ብዬ ነው!" ብላት አላመነችኝም። እንዴት ታምነኝ? አንቺስ ጉንፋን ነው ብለሻት አልነበር? አሁን ጉሮሮዬን በጠረግኩ ቁጥር ከጓዳ ብቅ ትላለች። ሳቄን እንኳ እየፈራሁት ነው።

የኔን ካሴት ሰብሬዋለሁ። ዳይሬክተሩ ከፈለገ ያባርረኝ፤ ነገ ያንቺው ይመለሳል። አደራሽን እትዬ፣ ሰባ ላይ ስትደርሺ እንደለመድሽው ሳዪ። ውሃውንም ጠጪላት። ያንቺን ሳል ለምዳዋለች፤ የኔን ግን አትችለውም።

በእውነት ምንም ያላመማት፣
ታናሽ እህትሽ