በስምህ የጠሩኝ ተማሪዎች

ውድ ባለቤቴ ስሜነህ፣

ከተለየኸኝ እነሆ ዓመት ሞላ። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው እሑድ ሙት ዓመትህን አወጣንልህ። ይህን የምጽፍልህ አዘና ነው፣ እናትህ ቤት፣ ደጃፉ ላይ ካለው መደብ ተቀምጬ። ዝናቡ ለጊዜው ጋብ ብሏል። ታናሽ ወንድምህ ፈንታሁን በበጋ የቤቱን ክዳን በአዲስ ሣር ስለቀየረው ዘንድሮ አንድም ጠብታ አልገባም። ግራጫዋ ፈረስህ ወልዳለች፤ ውርንጭላዋ ቁርጥ እሷን ናት። እናትህ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደኅና ናት። ከዚህ በላይ የምነግርህ ብዙ አለኝ፣ ደግ ነገር ነውና አትስጋ።

መቼም ያን ዓመት ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል። በኬንያ ደጋ ላይ አዲስ የተከፈተው የአዳሪ ትምህርት ቤት ለጂኦግራፊ መምህርነት ተቀብሎህ፣ ሻንጣህ ተዘጋጅቶ፣ ጎረቤት ሁሉ «ስሜነህ ከየአገሩ የመጡ ልጆችን ሊያስተምር ነው» እያለ ሲያወራ፣ ተስቦ ገባብን። ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየህም። አርባህ ከወጣ በኋላ፣ አዲስ አበባ ላይ ፈትነው ለተቀበሉህ ለርእሰ መምህሩ ማረፍህን ጻፍሁላቸው። እሳቸውም በሐዘን መለሱልኝ፤ በመጨረሻም «ምናልባት ሌላ የጂኦግራፊ መምህር ታውቂ እንደሆነ» ሲሉ ጠየቁኝ።

እኔ አለሁ ብዬ ጻፍሁ።

ያን ድፍረት ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ዳንግላ ላይ ሦስተኛ ክፍል የማስተምር ሴት ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የገባኸው አንተ ነህ። ነገር ግን የአንተን ትምህርት ስንት ዓመት አብረን አዘጋጅተነዋል። አንተ አቡጀዲ ላይ የዓለምን ካርታ በቀለም ስትነድፍ ባሕሩን ሰማያዊ የምቀባው እኔ ነበርሁ። ቀይ ባሕርን ለምን ሰማያዊ ቀባሽው ብለህ ስትስቅብኝ፣ እኔም ቀይ ከቀባሁት ልጆቹ እውነት ይመስላቸዋል ስልህ ትዝ ይልሃል? ቤቱ ባዶ ከሆነ በኋላ ያ ካርታ ግድግዳው ላይ ብቻውን ቀረ። እኔም ከሱ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። እንዲያው ወንበርህን ሌላ ሰው ከሚይዘው እኔ ልሞክረው አልሁ።

ርእሰ መምህሩ ለአንድ ወሰነ ትምህርት ብቻ፣ ለሙከራ፣ ለታናናሾቹ ክፍሎች ተቀበሉኝ። በዚያ መካከል ወንድ መምህር እፈልጋለሁ ብለው በግልጽ ጻፉልኝ።

ያስቸገረችኝ እናትህ ነበረች። ልሰናበታት አዘና ስመጣ ቡሉኮዋን ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠች። ጎረቤቶቿን በአገውኛ አነጋገረቻቸው፤ እኔ እንድሰማው የፈለገችውን ግን በአማርኛ አለችው። «ልጄን አፈር ወሰደው። ምራቴን ደግሞ ባሕር ማዶ ይወስዳት? ልጅ አልወለድሽለት፣ ምን ይመልስሽ?»

«እመለሳለሁ እማማ፣ ለሙት ዓመቱ እዚህ ነኝ» አልኋት።

«ሁሉም ሲሄድ እንዲያ ነው የሚለው።»

ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም። እስከ እንጅባራ በፈረስ የሸኘኝ ፈንታሁን ነው፤ አውቶቡሱ እስኪነሣ ድረስም ብርድ እየመታው ቆሞ ጠበቀኝ።

እዚያ ስደርስ ብርዱ የእንጅባራን ብርድ ስለሚመስል ደስ አለኝ። ሕንፃዎቹ ገና ኖራቸው አልደረቀም። ልጆቹ ከሕንድም፣ ከኖርዌይም፣ ከጋናም፣ ከዛንዚባርም የመጡ ናቸው፤ አባቶቻቸው ነጋዴዎችና ዲፕሎማቶች፣ አንዳንዶቹም አዲስ ነጻ በወጡት አገሮች ሚኒስትሮች ናቸው። መጀመሪያ ቀን ክፍል ስገባ ከሰሌዳው አጠገብ የተለጠፈው ፕሮግራም «ጂኦግራፊ፦ ሚስተር ስሜነህ» ይላል። የሚቀይረው ሰው አላስታወሰም። ልጆቹም ብድግ አሉና በአንድ ድምፅ «እንደምን አደሩ፣ ሚስተር ስሜነህ» አሉኝ።

ስህተታቸው ሲገባቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ከሞትህ ወዲህ ስምህ እንዲህ በሳቅና በደስታ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሁሉም ሲያነሣህ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበርና። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን የሚያስቅ አልነበረም። እንግሊዝኛዬ ይተሳሰራል። ኒርማላ የምትባል የሞምባሳ ነጋዴ ልጅ ነበረች፤ ዓይኗን ከእኔ አትነቅልም፣ የማልመልሰውን ጥያቄ መርጣ የምትጠይቀኝ ይመስለኝ ነበር። ማታ ማታ መጽሐፉን እያነበብሁ፣ አንተ ብትሆን እንዴት ትለው ነበር እያልሁ እተክዛለሁ። ወሰነ ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ርእሰ መምህሩ ሳይነግሩኝ መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ምን ሊያዩ እንደመጡ ልጆቹም ሳይቀሩ አውቀዋል።

የዕለቱ ትምህርት ስለ ዝናብ ነበር። በእኛ አገር ሐምሌ ጨለማ ነው፣ ወንዙ ሞልቶ ሰው ከሰው አይገናኝም ብዬ ስናገር ኒርማላ እጇን አወጣች። «እዚህ ግን ሐምሌ ደረቅ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ጎረቤታችን ናት። ጎረቤት ለጎረቤት ሰማዩ እንዴት ይለያያል?» አለች።

መልሱን አውቀዋለሁ ስሜነህ። አብረን አዘጋጅተነዋል። አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ። ርእሰ መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። በዚያች ቅጽበት የመጣብኝ አንተ ዳንግላ ላይ ትምህርቱ ሲጠጥርብህ ከጎረቤት ቅል ተውሰህ ምድር ይህቺ ናት ብለህ ልታሳያቸው የምትሮጠው ነው። አንዴ ጠብቁኝ አልሁና ወጥቼ ወደ ወጥ ቤት ሮጥሁ። ቅል የለም። አንድ ትልቅ ዱባ አገኘሁና አቅፌው ተመለስሁ።

ልጆቹ ሲያዩኝ ሳቁ። እኔ ግን አልሰማኋቸውም። ዱባው ላይ በከሰል የምድር ወገብን አሰመርሁ፣ ኬንያን እመስመሩ ላይ፣ አገራችንን ከፍ አድርጌ ነጠብሁ። መጋረጃው ተዘጋ፣ ፋኖስ ተለኮሰ። ዱባውን አዘንብዬ በፋኖሱ ዙሪያ እያዞርሁ፣ ፀሐይ አናት ላይ የምትቆምበት ቦታ ወደ ሰሜን ወጥቶ ወደ ደቡብ እንደሚመለስ፣ የዝናቡ ደመናም እሷን እየተከተለ እንደሚጓዝ አሳየኋቸው። «መንገድ ዳር ያለ ቤት እንግዳው ሲሄድም ሲመለስም ይገባበታል» አልኋቸው። «ኬንያ መንገድ ዳር ናት፤ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጎበኛታል። የእኛ ቤት መንገዱ የሚያልቅበት ነው፤ እንግዳው አንዴ ከመጣ ሻንጣውን አውርዶ ይከርምብናል።»

እንግሊዝኛዬ መቼ እንደተፈታ አላወቅሁም። ኒርማላ ጠጋ ብላ ዱባውን ራሷ አዞረችው። ደጋግማ አዞረችውና «እንግዲያው የእኛ ዝናብ ሲያልቅ ወደ እናንተ ነዋ የሚሄደው!» አለች። ልጅቱ ለካ ልታሳፍረኝ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ኖሯል።

ርእሰ መምህሩ ተነሥተው ወጥተው ሄዱ። በቃ፣ አበቃ አልሁ። ክፍሌ ገብቼ ልብሴን ሳጣጥፍ አመሸሁ። ጠዋት ቢሮ ተጠራሁ። ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «ወጥ ቤቱ ስሞታ አቅርቦብሻል። የትናንቱ እራት ዱባ ነበር» አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እሳቸው ሳቁና «ሌላ መምህር መፈለጌን ትቻለሁ። ትልልቆቹንም ክፍሎች ያዢልኝ» አሉ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ከሞትህ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ነበር፤ እዚያው ደረጃው ላይ ወረደልኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፣ ግን የሐዘን ልቅሶ አልነበረም። ደግሞም አንተን አልደብቅህም፤ ፕሮግራሙ ላይ ስምህ ወጥቶ የእኔ ሲገባ አንድ ቀን ሙሉ ሆዴ ባባ። ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርሁህ መሰለኝ። አንተ ምን ትል ይሆን የሚለው ሐሳብ እስከዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

የነሐሴ ዕረፍት ሲደርስ መጣሁ። አዘና የደረስሁት ዝናቡ እየወረደ ነው። እናትህ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አውቶቡሱ ይደርሳል ከተባለበት ቀን ጀምሮ ደጃፍ ደጃፉን ስታይ እንደሰነበተች ፈንታሁን መንገድ ላይ ነግሮኛል። ከፈረሱ እስክወርድ አልጠበቀችም፣ እጄን ያዘች።

«መጣሽ?»

«መጣሁ እማማ።»

«እውነትም መጣሽ» አለችና ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችኝ። «እንግዲህስ ሂጂ ብልሽም አልፈራም።»

እሳት ዳር ተቀምጠን ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቀችኝ። ልጆቹ እዚያው አድረው እንደሚማሩ ስነግራት «ውይ፣ የሙት ልጆች ናቸው?» አለች። እናት አባት አላቸው አልኋት። «ታዲያ ምን አጥፍተው ነው ከቤት ያስወጧቸው?» ብላ ተቆጣች። ለትምህርት ነው ብዬ ላስረዳት ብሞክር ማን ይሰማኛል! ከትናንት ጀምሮ የገብስ ቆሎ እያስቆላች ናት፤ «ለነዚያ ምስኪኖች ውሰጂላቸው» ትላለች።

በሙት ዓመትህ ቀን የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ሰው ሞላው። ያስተማርሃቸው ልጆች ከዳንግላ በእግር መጥተዋል። የአገሩ ፈረሰኞችም ፈረሶቻቸውን አስጊጠው መጡልህ። ሰው ሲበተን መቃብርህ አጠገብ ከእናትህ ጋር ቀረን። ያን ጊዜ የከረመብኝን አወጣሁት፤ «ቦታውን በመውሰዴ ይከፋው ይሆን እማማ?» ብዬ ጠየቅኋት። ደንግጣ አየችኝ። «የኔ ልጅ?» አለች። «የኔ ልጅ ማረሻው እርሻ መሃል ሲቀርበት ሌላ ሰው ቢይዝለት ይመርቃል እንጂ ይከፋዋል?» ከዚያ በአገውኛ ላንተ ብቻ የሆነ ነገር ነገረችህ። ምን እንዳለችህ አልጠየቅሁም። ስትጨርስ ግን ፈገግ ብላ ነበር።

በማግሥቱ እንጅባራ ደርሼ ስመለስ በዘንገና በኩል አለፍሁ። ያን ሐይቅ መጀመሪያ ያሳየኸኝ በሠርጋችን ሰሞን ነበር፤ እሳት ይተፋ የነበረ ተራራ አፍ ነው ስትለኝ ፈርቼ ክንድህን ያዝሁ። አሁን አልፈራሁም። ዳገቱ ላይ ቆሜ አየሁትና፣ ልጆቹን አንድ ቀን እዚህ ባመጣቸው ብዬ ተመኘሁ።

በሚመጣው ሳምንት እሄዳለሁ፣ ፍልሰታ ሲፈታ ደግሞ በየዓመቱ እዚህ እገኛለሁ። ለእናትህ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ላንተም ይኸው። ቀድሞ መሳቅ በጀመርሁ ቁጥር ትዝ ትለኝና ሳቄ ይቋረጥ ነበር። አሁን አንተን እያሰብሁ መሳቅ ችያለሁ። ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ እንዲህ እያደረግሁ አስታውስሃለሁ፣ ስሜነህ። በሰላም እረፍልኝ።

የምትወድህ ባለቤትህ
እናኑ